መሳቢያው ውስጥ አድርጌዋለሁ

መኪናዋ ስትሄድ ምንም አይላትም። መከራዋ ስትቆም ነው።

መንገዱ ክፍት ሆኖ ነዳጅ እስከተሰጣት ድረስ እንደ ልጅነቷ ትሮጣለች። የትራፊክ መብራት ፊት ስትደርስ ግን ብርድ ብርድ ይላታል። መጀመሪያ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ መስታወቶቹ ይንጫጫሉ፣ ከዚያ ሞተሩ አንድ ሁለቴ ሳል ሳል ይልና ጭጭ። ከኋላ ያለው ሾፌር ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋል። የኬሚስትሪ መምህርቷም አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራ ቁልፉን ደጋግማ ታዞራለች።

"ኧረ ሽጪያት!" ይሏታል የሥራ ባልደረቦቿ። "እኛ ሁላችንም ሳንወጣ ጡረታ መውጣት የነበረባት መኪና ናት።"

እሷ ፈገግ ብላ ታልፋለች። መኪናዋ የባሏ ነበረች። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ እሷ ግን "ከሄደ" ነው የምትለው፣ እሱንም ሰው ካስገደዳት ብቻ። የምትኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ እማማ ትላቸዋለች። ሁለቱ ሴቶች አንዷ የሌላይቱን ሐዘን እንዳትቀሰቅስ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ አምስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። ይዋደዳሉ። የመምህርቷም ፍርሃት ያለው እዚሁ ላይ ነበር፤ ልቧ ወደ ሌላ ሰው ያዘነበለ ቀን እማማን የምታጣ ይመስላታል።

ልቧ ደግሞ አዘንብሏል።

ሰውየው መካኒክ ነው። ጋራዡ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ሲሆን ወለሉ በዘይት ጠቁሯል፤ ግድግዳው ላይ ግን መፍቻዎቹ ሁሉ በመጠን በመጠናቸው ተሰልፈው ተሰቅለዋል። የሰፈሩ ሰው "ጆሮ" ይለዋል። ስሙ የወጣለት በሁለት ምክንያት ነው። እርሳስ ከጆሮው ላይ ተለይቶት አያውቅም፤ የሞተርን በሽታ የሚያውቀውም በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከጎኑ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ይህን ባየ ቁጥር፣ "ምን አለህ? ከኔም ሰላም በልልኝ!" እያለ ይቀልድበታል።

መምህርቷ መጀመሪያ የመጣች ቀን ያስጠነቀቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ባለቤቴ ብዙ ነገር በእጁ ነበር የሚሠራው" አለች፣ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳርፋ። "እሱ የሠራው ነገር ካጋጠመዎት ሳይጠይቁኝ እንዳይነኩብኝ።"

ጆሮ አንዴ አያትና "እሺ" አለ። ፊቱን አላጨማደደም፤ የማጽናኛ ቃልም አልፈለገም። እሺ ብቻ። ያችን አጭር እሺ ለብዙ ቀን ይዛት ዞረች።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ሲያስረክባት፣ "ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ አድርጌዋለሁ" አላት።

የሥራ ልማዱ ነው። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ፣ "መኪናዋ ላይ ያየኸውንና የሠራኸውን ጽፈህ እዚያው ተውላት፤ የሐኪም ካርዷን ይዛ ትዙር" ይሉት ነበር። ስለዚህ ከሾፌሩ አጠገብ ካለው ወንበር ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ መሳቢያ ውስጥ ሁልጊዜ የተጣጠፈ ወረቀት ይተዋል።

"እሺ፣ አየዋለሁ" አለች መምህርቷ።

አላየችውም። ያችን መሳቢያ ከፍታት አታውቅም። ባሏ በመጨረሻዋ ቀን የማንበቢያ መነጽሩን አውልቆ፣ ከግማሽ በታች ከቀረ የሚንት ከረሜላ ጋር እዚያ አስቀምጦ ነበር የዘጋው። የሌላ ሰው እጅ ሲከፍታት ለምን እንዳልከፋት አታውቅም፤ የራሷ እጅ ግን እምቢ አላት። ይሄ ደግሞ ለመካኒክ የሚነገር ነገር አይደለም። እናም "መሳቢያው ውስጥ አድርጌዋለሁ" ባላት ቁጥር "እሺ" እያለች ተመለሰች።

መኪናዋ ለአንድ ሁለት ሳምንት ደህና ትሆንና እንደገና መንዘፍዘፍ ትጀምራለች። መምህርቷም እንደገና ትሄዳለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ቆማ ነበር የምትጠብቀው። በሦስተኛው ጉብኝት ጆሮ አንዲት ዱካ ወንበር አወጣላት፤ በአራተኛው ወንበሯ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎበት አገኘችው። በአምስተኛው የተማሪዎቿን ፈተና ይዛ መጥታ እዚያው ማረም ጀመረች። ቀና ስትል ብዙ ጊዜ ዓይኖቹን ታገኛቸዋለች፤ እሱ ቶሎ ብሎ ወደ ሞተሩ ያጎነብሳል፤ እሷም ትክክለኛውን መልስ ተሳስቷል ብላ ትሰርዛለች።

"እስቲ እንደ ተማሪ ያስረዱኝ" አለችው አንድ ቀን። "ምንድን ነው የሚያንዘፈዝፋት?"

ጆሮ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ቤንዚን ብቻውን አይነድም፣ አየር ይፈልጋል። ሁለቱን የሚያደባልቃቸው ካርቡሬተሩ ነው፤ በልክ ነው የሚያደባልቃቸው። በሌላ በኩል ያልታሰበ አየር ከገባ ግን ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይርበዋል። ስትሮጥ አይታወቃትም። ቆም ስትል ነው ረሃቡ የሚሰማት።"

"ድብልቁ ከልኩ ወጣ ማለት ነው።"

"እርስዎማ ከኔ በላይ ያውቁታል።"

"እኔ የማውቀው ብልቃጥ ውስጥ ሲሆን ነው" ብላ ሳቀች። "ታዲያ ያ ያልታሰበው አየር በየት በኩል ነው የሚገባው?"

ጆሮ ቀና አለ። ዓይኑ ወደ መሳቢያዋ ሄዶ ተመለሰ። "ጽፌዋለሁ እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

አለማንበቧን መናገር አፈረች። "አዎ፣ አዎ" አለች። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ሲጠፋ አየች፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትነዳ ደረቷ ውስጥ፣ በር የተንኳኳ መስሏት ወጥታ ማንንም ያላገኘች ሰው ዓይነት ስሜት ነበር።

*

እማማ ዓይናቸው ቢደክምም ሌላው ነገራቸው አልደከመም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መምህርቷ ሸሚዝ ስትተኩስ፣ ከሶፋው ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

"ስምንት ሆነሽ።"

"ምኑ ነው ስምንት?"

"ጋራዡ ነዋ። እኔ ለዚህ ጉልበቴ እንኳ ሐኪም ዘንድ ስምንቴ አልተመላለስኩም።"

"አሮጌ እኮ ናት እማማ።"

"እኔስ ትናንት ነው የተገጣጠምኩት?" አሉ እማማ። "ስሚኝ ልጄ። አንድን ነገር ስምንት ጊዜ ሞክሮ መጠገን ያቃተው ሰው ወይ ሙያ የለውም፣ ወይ ምክንያት አለው። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ሙያ አለው ሲባል ነው የምሰማው።"

"ምን ምክንያት ይኖረዋል?"

"አንዴ ጠግኖ ቢገላግልሽ፣ ምን ልትሠሪ ትሄጂለታለሽ?"

ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆመ።

"አሁን እስቲ ምን ይሉታል፣ እሱ ዘይት በዘይት የሆነ ሰው፣ አንቺ ስንቱን ዶክተርና መሐንዲስ ያስተማርሽ ሴት፣ የልጄ ሚስት…" ብለው አልጨረሱትም። የልጄ ሚስት የምትለው ቃል ወንበር ስባ በመካከላቸው የተቀመጠች መሰለ።

መምህርቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሆን ብሎ ከሆነ ሊያያት ፈልጎ ነው፤ ይህ ሐሳብ ጉንጯን አሞቀው። ሊያያት ፈልጎ ከሆነ ደግሞ ስምንት ጊዜ አሞኝቷታል፤ ይሄኛው አቃጠለው። የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ ነው ያባነናት። ሸሚዙ አሯል። ያቺን የመሰለች ሸሚዝ እያየች ስትቆም፣ ደስ ያላት ይሁን የተናደደች ለራሷም አልለይ አላት።

*

ሰኞ ዕለት ከክፍል እንደወጣች ጋራዡ በር ላይ ደረሰች። ከመኪናዋ አልወረደችም፤ መስታወቱን ብቻ ዝቅ አደረገች። ሞተሩ ይንዘፈዘፋል።

"ለዘጠነኛ ጊዜ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መኪናዬ ምን እንደሆነች ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ" አለ ጆሮ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

ከጎን ጎማ ሲቀጠቅጥ የነበረው ጎሚስታ መዶሻውን አሳረፈ።

"ለመጠገንስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"አምስት ደቂቃ።"

"ታዲያ ምንድን ነው የምትጠብቀው?" እርስዎ የምትለው ቃል መቼ ከአፏ እንደወደቀች አታውቅም።

ጆሮ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ አጣጠፈው። "መልስዎን ነው የምጠብቀው።"

መምህርቷ ፊቷ ጋለ። እማማ ትክክል ነበሩ። "መልስ! ከኔ መልስ ለማግኘት መኪናዬን መያዣ ታደርጋለህ? በየአደባባዩ ጡሩምባ እየተነፋብኝ? እኔ ደግሞ ሙያ የሚያከብር ሰው መስለኸኝ!"

"እንደዚያ ነው የገባዎት?" አለ። ድምፁ ወረደ።

"ሌላ ምን ይግባኝ?"

ጆሮ ቀና ብሎ አያት። የተቆጣ ሰው አይመስልም፤ እንደ ፈራው የሆነበት ሰው ይመስላል። "እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከጻፍኩት በላይ የምለው የለኝም" አለ። የመጨረሻውን ግን አልሰማችውም፤ መስታወቱን ዘግታ ማርሽ አስገብታለች።

በክብር ልትወጣ ነበር። መኪናዋ በሩ ላይ ጠፋችባት። ቁልፉን አዞረች፤ ሳል ሳል አለችና እምቢ አለች። ደግማ አዞረች። ጎሚስታው፣ "ኧረ እሷስ መሄድ አልፈለገችም!" ብሎ አንድ ጊዜ ሳቀና ጆሮ ዞር ብሎ ሲያየው ሳቁን ዋጠው።

ጆሮ ከኋላ ዞሮ ይገፋት ጀመር። በመስታወቱ ውስጥ ታየዋለች፤ ሁለት መዳፎቹ መኪናዋ ጀርባ ላይ ተዘርግተዋል፣ ራሱን አቀርቅሯል። ቁልቁለቱን ስትይዝ ሞተሩ ተነሣ። እሱ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እጆቹ ግን ገና ወደፊት እንደተዘረጉ ነበሩ። ተናዶ የሚሄድን ሰው ከኋላ የሚገፋ አለ እንዴ አለች በልቧ። ለምን ዕንባዋ እንደመጣ አልገባትም።

*

ሦስት ሳምንት አልሄደችም። መኪናዋ ባሰባት፤ እሷም መብራት የሌለበትን መንገድ እየፈለገች ትነዳ ጀመር። ዱካ ወንበሯ ትናፍቀኛለች ብላ ግን አስባ አታውቅም ነበር።

እማማን ለመነጽር የዓይን ሐኪም ዘንድ በምትወስዳቸው ቀን ዝናቡ ገና ከጠዋቱ ጀመረ። አደባባዩ አጠገብ ሲደርሱ መብራቱ ቀይ ሆነ። መሪው ተንቀጠቀጠ፣ መስታወቶቹ ተንጫጩ። "እባክሽ፣ ዛሬን ብቻ" አለቻት መምህርቷ። ጭጭ።

ጡሩምባው ከኋላ ተጀመረ። መስታወቱ በትንፋሻቸው ደበዘዘ፤ መብራቱ አረንጓዴ ይሁን ቀይ አይታይም።

"ጨርቅ የለሽም እንዴ? ልጥረግልሽ" አሉ እማማና እጃቸውን ወደ ፊት ሰደዱ።

"እማማ፣ እሷን አይክፈቱ…"

መሳቢያዋ ቀጭ ብላ ተከፈተች። ቀጭን የሚንት ሽታ መጣ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም አልጠፋም። መነጽሩ እንዳስቀመጠው ተጣጥፎ ነበር። ከሥሩ በጥንቃቄ የተደራረቡ ስምንት የታጠፉ ወረቀቶች አሉ።

እማማ መነጽሩን አነሡት። የልጃቸው ነው። ለረጅም ጊዜ በመዳፋቸው ይዘውት ቆዩ። ከዚያ፣ ጠርገው አደረጉት።

"አየሁ" አሉ በመገረም። "በሱ አየሁ እኮ።"

 እማማ ከሁሉም ሥር ያለውን ወረቀት ፈቱና፣ ማንበብ እንደናፈቀው ሰው፣ ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር።

"'አንድ። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ትንዘፈዘፋለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ካንዴላዎቹን አውጥቼ አጸዳሁ፤ ችግሩ እሱ አይደለም። ከካርቡሬተሩ ሥር ስስ ፉጨት ሰማሁ። አንዲት ቀጭን ቱቦ አፏ በእስክሪብቶ ክዳን ተደፍኗል። ክዳኑ በሙቀት ተሰንጥቆ አየር ያስገባል። በላስቲክ መድፈኛ መተካት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን የባለቤትዎ እጅ ሥራ ይመስለኛል፤ ሳይጠይቁኝ አይንኩ ብለውኛል። ፈቃድዎን እጠብቃለሁ። እስከዚያ ሚኒሞውን፣ ቆማ ስትሠራ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ፣ እንዳትጠፋ።'"

እማማ ቀና ብለው ምራታቸውን አዩ።

"ይቀጥሉ" አለች መምህርቷ በሹክሹክታ።

"'ሁለት። መልስ አልሰጡኝም። ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ጊዜ ይፈልጋል። ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጠብኩት። ሚኒሞውን ጨመርኩ።' … 'ሦስት። ስንጥቁ ሰፍቷል። ቆመው ስለሚጠብቁ ወንበር አወጣሁ።' … 'አምስት። ዛሬ ሲገቡ ሳቅ ብለው ነበር። ሞተሩን የመረመርኩት ከዚያ በኋላ ስለሆነ በምርመራዬ ላይ ብዙ እምነት አይጣል።'"

እማማ ሳቃቸው አመለጣቸው። ከኋላ ጡሩምባው ይጮሃል፤ እሳቸው በአንድ እጃቸው ቆይ የሚል ምልክት ለደበዘዘው መስታወት ሰጡ።

"'ስድስት። ጎሚስታው ንቀልና ጣለው፣ ምን አስጨነቀህ ይለኛል። ሰው የሚወደውን ነገር ሳያስፈቅድ የሚነቅል እጅ የለኝም።'"

ከዚህ በኋላ ድምፃቸው ቀነሰ። ስምንተኛውን መጀመሪያ በልባቸው አነበቡት። ከዚያ መነጽሩን ከፍ አድርገው ዓይናቸውን ጠረጉና፣ ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ቀስ ብለው አነበቡት።

"'ስምንት። ዛሬ ስለ መኪናዋ የምጽፈው የለኝም፤ የምችለውን አድርጌያለሁ። ክዳኑ እንዳለ ይኑር ካሉ ይኖራል፤ በየሳምንቱም ቢሆን አስተካክላታለሁ። ቦታውን ልወስድበት አልፈልግም። ከጎኑ ትንሽ ቦታ ካለ ግን፣ እኔን ያስቡኝ።'"

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ወረደ። መልስዎን ነው የምጠብቀው ያላት ይህን ነበር። ስምንት ጊዜ ጠይቋታል፤ ስምንት ጊዜ እሺ አየዋለሁ ብላዋለች። እሷ ደግሞ መያዣ አለችው። ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

"ክዳኑ ሰማያዊ ነው?" አሉ እማማ በድንገት።

"የቱ ክዳን?"

እማማ ቦርሳቸውን ከፍተው ሲያተራምሱ ቆዩና ክዳን የሌለው ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጡ። ቀለሙ ከደረቀ ቆይቷል። "የኔ ነው። 'እማዬ፣ ለሁለት ቀን አውሺኝ፣ ትክክለኛውን እስክገዛ' ብሎ ከእጄ መንጭቆኝ ሄደ። ለሁለት ቀን! እሱ ምኑን ያስታውሳል።" እየሳቁ ነበር፤ ዕንባው ከመነጽሩ ሥር ይወርዳል። "ልጄ ለሁለት ቀን ያለውን እኛ የዕድሜ ልክ አደረግነው።"

"እማማ፣ እኔ እኮ… እርስዎን ትቼ…"

"ወዴት ልትሄጂ ኖሯል?" አሉ እማማ። "አንድ ልጅ ሸኝቻለሁ። ሌላዋን ቤት ውስጥ ቆልፌ ተመስገን አልልም።" አፍንጫቸውን ጠርገው ተስተካክለው ተቀመጡ። "በይ አስነሺያት። ክዳኔን እፈልገዋለሁ።"

"ሐኪሙስ?"

"ዛሬ ያየሁት ይበቃኛል።"

መኪናዋ በሦስተኛው ተነሣች። መምህርቷ መቆም የሌለበትን መንገድ መረጠች።

*

ጎሚስታው በሩ ላይ ተጠልሎ ቆሞ ነበር። "ጆሮ! የምታነክሰዋ መኪና…" ብሎ ሳይጨርስ ጆሮ ብቅ አለ። የመኪናዋን ድምፅ ከማዞሪያው ጀምሮ ሰምቷል።

መምህርቷ ዝናቡ ውስጥ ወረደች። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

"አሁን ነው ያነበብኩት" አለች። "ከግማሽ ሰዓት በፊት። ያችን መሳቢያ ከፍቻት አላውቅም ነበር፤ የሱ መነጽር ስላለበት። እሺ ስልህ የነበረው ዝም ብዬ ነው።"

ጆሮ ቆሞ ቀረ። ያለፉትን ወራት አንድ በአንድ እየፈታ እንደገና የሚገጥማቸው ይመስል ነበር። "ስምንቱንም?" አለ በመጨረሻ።

"ስምንቱንም። እማማ ናቸው ጮክ ብለው ያነበቡልኝ።"

"እማማ?" እርሳሱ ከጆሮው ላይ ወደቀ።

እማማ በመስታወቱ በኩል መነጽራቸውን እንዳደረጉ እጃቸውን አወዛወዙለት። ጎሚስታውን ሳቅ ገደለው።

"ፈቃዴን ጠይቀህ ነበር" አለች መምህርቷ። "ንቀለው።"

ጆሮ ራሱን ነቀነቀ። "አንቺ ነሽ የምትነቅይው" አለ። እሱም ሳያውቀው እርስዎ የምትለውን ቃል ጥሏታል።

መኪናዋን ከጣሪያው ሥር አስገብተው ኮፈኑን ከፈቱ፤ ሞተሩ እየሠራ ነው። ጆሮ እጇን ወደ ውስጥ መራት። ፉጨቱ አሁን ለእሷም ተሰማት፤ ሰው በጥርሱ መካከል የሚስበው ዓይነት ትንፋሽ ነው። ሰማያዊው ክዳን በሙቀት ነጥቷል። ያዘችው። ትንሽ ቆየች። ማንም አላቻኮላትም። ከዚያ ሳበችው።

ሞተሩ ተንገዳገደ። "አውራ ጣትሽን!" አለ ጆሮ። ቀዳዳው ላይ ጣቷን ጫነች፤ ቱቦው ሳብ አድርጎ ያዛት። ወዲያው መንዘፍዘፉ ቆመ። የኬሚስትሪ መምህርቷ ስንቱን ድብልቅ በስንት ብልቃጥ አስተካክላለች፤ እንደዚህ በአንድ ጣቷ ሥር ሕይወት ያለው ነገር ልኩን ሲያገኝ ግን ተሰምቷት አያውቅም።

ጆሮ አዲሱን የላስቲክ መድፈኛ ይዞ ቀረበ። "አሁን አንሺ።" እጆቻቸው ተላለፉ። መድፈኛው ገባ። ሞተሩ አለመጠን ጮኸ፤ ስምንት ጊዜ ከፍ የተደረገ ሚኒሞ ነው። ጆሮ ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣና ብሎኗን ቀስ እያለ ያላላት ጀመር። ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ፤ እስኪጠፋ ድረስ።

"ጠፋች?" አለች ደንግጣ።

"አልጠፋችም። አርፋ ነው።"

መዳፏን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈች። አዎ፣ ትሠራለች። ዝግ ያለ፣ እኩል የሆነ፣ የተኛ ሰው ደረት የሚመስል ነገር ከእጇ ሥር ይመላለሳል። ክዳኑን ለእማማ በመስኮት በኩል ሰጠቻቸው። እማማ የደረቀው እስክሪብቶ ላይ ገጠሙት፤ ስንጥቁ እንዳለ ገባ። "እንኳን ተመለስክ" አሉት፣ ለክዳኑ ይሁን ለማን እንጃ፣ ቦርሳቸው ውስጥም ከተቱት።

መምህርቷ ከወለሉ ላይ እርሳሱን አነሣች። ከጆሮ የወረቀት ጥራዝ ላይ አንድ ገጽ ገነጠለች፣ ጀርባዋን ሰጥታው ጻፈች፣ አጠፈችው። በእማማ በኩል ዞራ መነጽሩ ከነበረበት ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠችውና መሳቢያዋን በገዛ እጇ ዘጋች።

"ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ አድርጌዋለሁ" አለችው።

ጆሮ እጁን ሁለት ጊዜ ጠረገ። በሩን ከፍቶ፣ "ይቅርታ እማማ" እያለ በጉልበታቸው ላይ አጎነበሰ። እማማ ፊታቸውን ወደ ሌላው መስኮት አዞሩ። "እኔ እንደሆነ ዓይኔን ታምሜያለሁ፣ ምንም አላይም" አሉ፤ መነጽሩ ግን አፍንጫቸው ላይ ነበር።

ወረቀቷ ላይ ያሉት ሁለት ቃላት ብቻ ነበሩ። "ቦታ አለ።"

ጆሮ ቀና አላለም። ደግሞ አነበበው፣ ደግሞም። መምህርቷ ከዱካ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች፤ የተነጠፈው ጨርቅ ከሦስት ሳምንት በኋላም ንጹሕ ነበር። ውጭ ዝናቡ ቀጥሏል። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ማንም ልብ አላለውም። እሷም ወዴትም ለመሄድ አልቸኮለችም።